ለክፉው ንጉሥ የተላኩ ሽማግሌዎች

የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ቦታዬን ለሌላ ሰው ከሰጡብኝ ወዲህ ነቀምቴ ላይ ያልሸጥኩት ነገር የለም። ባለፈው ደግሞ የጀማሪዎች የጨዋታ ሳጥን ይዤ ወደ ኡኬ ከተማ ወረድኩ። ጨዋታው ጠረጴዛ ከብቦ ተረት ውስጥ መግባት ነው፤ ገዢዎቹ ጀግኖች ይሆናሉ፣ የቀረውን ሰው ሁሉ ተራኪው፣ ማለትም እኔ ሻጩ፣ ይጫወታል፣ ውጊያው ዳይስ የሚባለው ባለነጥብ ጠጠር ተወርውሮ ይለያል።

የከተማው ትምህርት ቤት ሦስት መምህራን ሞክረው ከወደዱት ሳጥኑን ለትምህርት ቤቱ ክበብ ሊገዙኝ ተስማሙ። እኔም በጨዋታው መመሪያ ላይ ያለውን ዘንዶ ትቼ፣ የጎበዝ ተማሪን ሹመት ነጥቆ ለሌላ የሰጠ ክፉ ንጉሥ ፈጠርኩ። ቦርጩን ሳይቀር ከድሮው የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ወሰድኩለት።

«በሉ፣ ሰይፍ ምዘዙ!» አልኩ በጉጉት።

«ቆይ እንጂ ኦቦሌሳ፣ ወንድሜ» አሉኝ አንጋፋው ኦቦ ፈይሳ። «ሰው ሳይጠየቅ ይገደላል እንዴ? መጀመሪያ ሽማግሌ እንልካለን።»

ዳይሱን ወዲያ ገፉና ሦስቱም ሽማግሌ ሆነው ፊቴ ተደረደሩ።

«ንጉሥ ሆይ፣ እውነቱን ይንገሩን። ልጁን ለምን በደሉት?»

«ዘመዴ ስላልሆነ» ልል ነበር። ሦስቱም ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ግን አፌ አመለጠኝ።

«ለፈተና ጠርተነው ተኝቶ አረፈደ።»

ስለ ራሴ ለማንም ነግሬው የማላውቀው እውነት ነበር።

«ታዲያ ጥፋተኛው ልጁ ነዋ!» አሉ ኦቦ ፈይሳ። «መጥቶ ንጉሡን ይቅርታ ይጠይቅ። እርቁ ካለቀ ሳጥኑን እንገዛለን።»

ልጁንም የሚጫወተው ተራኪው ነው። ተነሥቼ፣ ንጉሥ ሆኜ የተቀመጥኩበትን ባዶ ወንበሬን ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጠየቅሁ።