ፓስፖርቴና የዶክተሯ በረዶ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የሆቴላችን ማጠቢያ ክፍል በር ላይ የለጠፍኩት «አንሶላ እዚህ» የሚለው ብቻ ነው። ሰው ፊት መናገር ግን ስለማልችል መጻፉ ይሻለኛል። ወደ ጁባ ለመምጣት ላሰባችሁ እህቶቼ፣ እዚህም ላላችሁ፣ አገር ቤት ሆናችሁ «እሷማ አልፎላታል» ለምትሉኝም ነው የምጽፈው።

የወጣሁ ሌሊት እናቴን አልቀሰቀስኳትም። በሩ እንዳይጮህ ወደ ላይ ብድግ አድርጌ ይዤ ከፈትኩት። ብቀሰቅሳት አታስወጣኝም፤ ፊቷን ካየሁም እግሬ እሺ አይለኝም ነበር። ውሻችን እስከ አስፋልቱ ተከተለኝ። መኪናው ሲመጣ ዞሮ ወደ ቤት ሄደ። እስከ ዛሬ በእሱ እቀናለሁ።

በሞያሌ ወጥቼ፣ ኬንያንና ኡጋንዳን በአውቶቡስ አቋርጬ የደቡብ ሱዳን ድንበር ኒሙሌ ደረስኩ። ድንበሩ ላይ ፓስፖርቴን የያዘው ሰውዬ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ፤ ዝም አልኩ። በዓረብኛ ጠየቀኝ፤ ዝም አልኩ። አንድ ያገሬ ልጅ የሆነ ሾፌር ሊተረጉምልኝ ተጠጋ።

«ሥራሽ ምንድን ነው ይልሻል።»

«ገና ልፈልግ ነው በለው።»

«እንደሱ ይባላል እንዴ! ነጋዴ ናት ብዬዋለሁ።»

ሰውዬው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና አንድ ነገር ተናገረ። ሾፌሩ ሳቀ።

«ምን አለ?»

«እንዲህ ዝም የምትል ነጋዴ ምን ልትሸጥ ነው? ነው የሚለው።»

ማኅተሙን ግን መታልኝ።

ጁባ ስገባ ሙቀቱ የመኪናው ሞተር መስሎኝ ነበር። ከመኪናው ርቄ ስሄድም አብሮኝ መጣ። አገር ቤት ዝናብ ሲመጣ ቀድሞ ብርዱን ይልካል፤ እዚህ ዝናቡም ይሞቃል።

ሥራ ያገኘሁት ካስተም የሚባለው ገበያ አጠገብ፣ እትዬ ዘነበች ሆቴል ነው፤ ክፍል ማጽዳት። በገባሁበት ቀን እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። «ፓስፖርትሽን እዚህ ላስቀምጥልሽ የኔ ልጅ። አንቺ ጋ ይሰረቃል።» እዚህ ልማዱ እንዲህ ነው፤ የሁላችንም ፓስፖርት በእሳቸው የብረት ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ደግሞ አንገታቸው ላይ፣ ከማተባቸው ጋር። እኔም ስጦታ እንደሚሰጥ ሰው በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ቁልፉ ላይ ይሄድ ነበር። ይመልሱልኝ ለማለት ግን አፌ አይከፈትም ነበር።

ዶክተር ሰላም የመጣችው ኋላ ነው። ባሏ እዚህ እርዳታ ድርጅት ይሠራል። እሱን ልትጠይቅ መጥታ እሱ ወደ ገጠር ተላከና ብቻዋን እኛ ሆቴል ቀረች። ሐኪም መስላኝ ጉሮሮዬን ላሳያት ነበር። «እኔ የማክመው በረዶ ነው» አለችኝና ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረች። ሰማያዊና ቀይ ቀለም ይንቀሳቀሳል። «የምድር ጫፍ ላይ ያለ በረዶ ነው፤ ይኸውልሽ፣ እዚህ ጋ ይቀልጥብኛል።»

እኔ በረዶው እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ያለ መሰለኝ። በማግስቱ እሷ ስትወጣ መጋረጃውን ዘግቼ ቬንትሌተሩን ወደ ላፕቶፑ አዞርኩት። እትዬ ደርሰው ጮኹብኝ።

«ጄኔሬተር እየበላ ባዶ ክፍል ውስጥ ለማን ነው የሚዞረው?»

«ለበረዶው።»

አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ግድግዳ ይዘው ሳቁ። ዘበኛችን ጋትኮት ጋምቤላ ስላደገ አማርኛውን ከእኛ እኩል ያውቃል፤ እሱ ደግሞ «ለእኔም አንድ አዙሪልኝ፣ እኔም እየቀለጥኩ ነው!» አለ። ዶክተር ስትሰማ ግን አልሳቀችም። «ላፕቶፕም ሙቀት አይወድም፣ ደግ አደረግሽ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደድኳት።

ከተማው ውስጥ ተኩስ የጀመረው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። የእሷን አልጋ እያነጠፍኩ ነበር። ጋትኮት ከግቢው «መሬት ላይ! ከመስኮት ራቁ!» እያለ ሲጮህ ዶክተር እጄን ይዛ በአልጋውና በግድግዳው መሃል ጣለችኝ። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። አለማንሣት አልቻልኩም።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው ልጄ?»

«ጄኔሬተሩ ነው እማ።»

«ኧረ ምን ዓይነት ጄኔሬተር ነው! አሠሩት እንጂ።»

«እሺ እማ።» ዘጋሁት።

«ፈራሽ?» አለች ዶክተር። ራሴን ነቀነቅኩ። «እኔም» አለችኝ። ተኩሱን ላለመስማት ይመስለኛል ስለ በረዶዋ ማውራት ጀመረች።

«መሬት ላይ ተራራ የሚያህል በረዶ ተቀምጧል። ጫፉ ባሕሩ ላይ ወጥቶ ተንሳፍፏል። ያ ጫፍ የኋላውን ደግፎ ይይዘዋል። ሞቅ ያለ ውሃ ከጥልቁ መጥቶ በሥሩ ይገባል። ከላይ ብታይው ነጭ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። ከሥር ግን ይበላል።»

«እንደ ወንዛችን ዳር» አልኩ። እንዴት አፌ እንደተከፈተ አላውቅም። «ሣሩ ለምለም ነበር። የጎረቤታችን ላም እየጋጠች ሳለ ከዳሩ ጋር አብራ ተደረመሰች።»

«ውይ! ላሟስ?»

«ተረፈች። ዳር ግን ድጋሚ አልጋጠችም።»

ቅርብ ተተኮሰ። ሁለታችንም ምንጣፉ ላይ ተለጠፍን። ጋብ ሲል «የእርስዎ በረዶ መቼ ነው የሚደረመሰው?» አልኳት።

«እሱን ነው የምፈልገው። ባሕሩን ለብቻው፣ በረዶውን ለብቻው በሒሳብ እንሠራና እናገናኛቸዋለን። ባሕሩ ይህን ያህል በላሁ ይላል። በረዶው እንግዲያ ቅርጼ ይህን መሰለ ብሎ ይመልስለታል። ባሕሩም ከዚያ ተነሥቶ እንደገና ይናገራል። ካልተነጋገሩ መልሱ ውሸት ነው።»

«አያስፈራዎትም?»

«በጣም። የምሠራው ምን ያህል መፍራት እንዳለብኝ ለማወቅ ነው። ልኩን ካላወቅሽው ፍርሃት ባለሽበት ተክሎ ያስቀርሻል።»

ሲመሽ ጸጥ አለ። ጠዋት የባሏ ድርጅት ዶክተርን ወደ ኤርፖርት የሚወስድ መኪና ላከ። ሻንጣዋን ስሸከምላት «ፓስፖርትሽን ይዘሽ ነይ» አለችኝ። «ትኬቱን እኔ እችላለሁ። አገርሽ አደርስሻለሁ። ቶሎ በይ!»

እየሮጥኩ እትዬ ጋ ሄድኩ። ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቁልፉን አየሁት።

«ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

«ፎጣ አልቋል» አልኩ።

«ፎጣ?»

«አዎ። ፎጣ።»

ፎጣ ታቅፌ ስወጣ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ዶክተር እጄን ስታይ ገባት። በመስኮቱ ጉንጬን ነካችና «ባትሄጂም ፓስፖርትሽን ጠይቂያቸው» አለችኝ። መኪናው በሩን ሲወጣ ፎጣውን እንደታቀፍኩ ነበርኩ። አየር ማረፊያው ሩቅ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ሲነሣ ከግቢው ይሰማል። ሰማሁት።

ከሰዓት በኋላ፣ ተኩሱ የጀመረበት ሰዓት ሲደርስ፣ ግቢው በሙሉ ጆሮውን አቆመ። እኔም እዚያው ደንግጬ ቆሜ መቅረቴ ነው ብዬ ፈራሁ፤ ከእትዬ ይልቅ ያ አስፈራኝ። እሳቸው ጋ ገባሁ።

«እትዬ፣ ፓስፖርቴን ይስጡኝ።»

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። እትዬ ቀና አሉ።

«ልትሄጂ ነው?»

«አላውቅም። እንደ ትናንት ከሆነ ግን እጄ ላይ ይሁን።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ቁልፉን ከአንገታቸው አወጡ፤ ቀዳዳውን ሳቱት፤ እንደገና ሳቱት። የሁላችንም ፓስፖርት በላስቲክ ታስሯል። ከላይ ያለው የራሳቸው ነው፤ ጠርዙ ተበልቷል።

«የእኔ ጊዜው ካለፈበት ቆየ» አሉ፣ የእኔን እየፈለጉ። «ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም ብዬ ነበር። ስነቃ ይተኮሳል። ወጥቼ ብጠራ ማንም የለም፤ ሁላችሁም ተደብቃችኋል። አንዳችሁም እንኳ እትዬ አላላችሁም።»

ፓስፖርቴን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። ቀሚሴ ውስጥ ሸጉጬ በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ።

«ልጄ» አሉኝ። «ስትሄጂ ግን ቀስቅሺኝ።»