ልጄ እትዬ አስካለን ሽንት ቤት በር ላይ የጠየቀቻቸው ጥያቄ

እትዬ አስካለ ሽንት ቤት ገብተው በሩን ሲዘጉ ልጄ ሂሩት ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ ተከተለቻቸው... ምን ልታደርግ እንደሆነ አውቄያለሁ። ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ውስጥ፣ ካሊፎርኒያ ዝናብ ጠፍቶ ውሃ በቁጠባ በነበረበት ዓመት ነው። ዛሬ ሊትል ኢትዮጵያ የምትሉት ፌርፋክስ ላይ ያኔ የእኛ ሰው እምብዛም አልነበረም። እኔና ሂሩት እዚያው አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር።

ሂሩት ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ጥርሷን ስትቦርሽ ቧንቧ እንድትዘጋ፣ ሻወሩ እስኪሞቅ የሚፈሰውን ውሃ በባልዲ እንድታጠራቅም አስተማርኳት። ሽንት ብቻ ከሆነ ፍላሽ አይደረግም፣ ውሃ አይለቀቅበትም። ትልቁ ከሆነ ደግሞ ያ የባልዲ ውሃ ይደፋበታል። የቤታችን ሕግ ይኸው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሕጉ ከእኔ እጅ ወጣ። ሰሃን ሳጥብ ከኋላዬ ትቆማለች። «እማዬ፣ በቃ! ዝጊው!» ትለኛለች። ገላዬን ስታጠብ በሩን ትደበድባለች። ልጅ የማስተማር ክፋቱ... አንዳንዴ ልጁ የምር ያምናችኋል።

በዚያው ሰሞን መርዶ መጣብኝ። ታላቁ ልጄ ዳዊት አዲስ አበባ እናቴ ጋ ነበር። የአሜሪካ መግቢያ ፔፐሩ አልቆ ላመጣው ደፋ ቀና ስል፣ ታሞ ሞተ አሉኝ።

እኔ አላለቀስኩም። እንባ እምቢ አለኝ። በተረዳሁ ዕለት ወጥ ቤት ገብቼ ምስር ለቀምኩ። ያሉት ጥቂት ያገሬ ሴቶች ከሆሊውድም ከኮሪያታውንም በአውቶብስ እየመጡ ያለቅሱልኛል፣ እኔ ቁጭ ብዬ አያቸዋለሁ። «ምን ዓይነት አንጀት ነው ያላት?» ብለው ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ።

ጓደኛዬ ጥሩወርቅ ግን ፈራች። «እንባው ውስጥሽ ከቀረ ይገድልሻል፤ ይቺ ልጅ ማን አላት?» አለችኝ። ሄዳም እትዬ አስካለን አመጣቻቸው።

እትዬ አስካለ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት መጥተው ሳንታ ሞኒካ የተቀመጡ ትልቅ ሴት ናቸው። እሳቸው ሙሾ ካወረዱ ጎረቤት አይደለም መንገደኛ ያለቅሳል ይባልላቸዋል። ቅዳሜ ከሰዓት ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ሴቶቹ ሁሉ ተዘጋጁ። እትዬ ግን መንገዱ ርቋቸው ኖሯል... «ከሁሉ በፊት ሽንት ቤቱን አሳዩኝማ» አሉ።

ሶ... ሂሩት በሩ ላይ ቆማለች። ሴቶቹ ሁሉ ይሰማሉ።

«እትዬ!»

«አቤት ልጄ?»

«ትንሹን ነው ያደረግሽው ትልቁን?»

ጥሩወርቅ አፏን ያዘች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ምን አልሽኝ?» አሉ ከውስጥ።

«ትንሹን ከሆነ ፍላሽ እንዳታደርጊ። ውሃ የለም። ትልቁን ከሆነ ባልዲ አመጣልሻለሁ፣ ኦኬ?»

በመጨረሻ ያ ደርባባ ድምፅ ቀጠን ብሎ መጣ። «ትንሹን ነው፣ እመቤቴ።»

«ማርያምን በይ!»

«ማርያምን!»

እትዬ አስካለ ሲወጡ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበውታል። ትከሻቸው ይርገፈገፋል። መጥተው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙና ፊታቸውን ትከሻዬ ውስጥ ቀበሩ። ሴቶቹ ለቅሶው የተጀመረ መስሏቸው «ወይኔ ዳዊትዬ! ወይኔ!» ብለው ቤቱን ቀወጡት።

እኔ ግን ጆሮዬ ስር የምሰማው ሌላ ነው... ሴትዮዋ እየሳቁ ነው!

«ማርያምን አስባለችኝ እኮ» አሉኝ እየታፈኑ። «በዚህ ዕድሜዬ... ለሽንቴ አስማለችኝ! ዝም በይ፣ እንዳታስነቂብኝ!»

ሳቄ መጣ። በገዛ ልጄ ለቅሶ ላይ! የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ወተፍኩት። ሁለታችን አንድ ነጠላ ውስጥ ተደብቀን ስንንቀጠቀጥ ሴቶቹ ባሰባቸው። አንዷ ደረቷን እየደቃች «እሰይ፣ አሁን ገና ገባት!» ስትል ሰማሁ። እሱ ደግሞ ጭራሽ ጨረሰኝ።

መቼ እንደተለወጠ አላውቅም። ዳዊት ቢኖር ከእህቱ ጎን በሩ ላይ ይቆም ነበር ብዬ አሰብኩ። እሱም እንዲሁ ነበር፣ ትልቅ ሰው የማይፈራ... ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ የወጣው ድምፅ የእኔ አይመስልም ነበር።

እትዬ አስካለ ወዲያው አወቁ። ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጥብቅ አደረጉኝ። «ይኸው መጣልሽ... አልቅሺ ልጄ፣ አልቅሺው» አሉኝ።

አለቀስኩ። እነዚያ ሴቶች ሙሾ ጨርሰው ዝም ካሉ በኋላም እኔ ብቻዬን አለቀስኩ።

ሲበርድልኝ እትዬ ደግፈው ፊቴን ሊያስታጥቡኝ ወጥ ቤት ወሰዱኝ። ቧንቧው ገና ከመከፈቱ ሂሩት ከች አለች። እትዬ ጣታቸውን ቀሰሩባት።

«ዛሬስ እንደ ልቡ ይፍሰስ! እናትሽ ናት!»

ሂሩት እኔን አየች። ቧንቧውን አየች። አሰበች አሰበችና «ኦኬ፣ ይፍሰስ... ግን እዚህ ውስጥ» ብላ ሳፋ ከሥር ደቀነችልኝ። ሲሞላ እንባዬ የታጠበበትን ውሃ በሁለት እጇ ተሸክማ ወጣችና ደጃፋችን ላይ በቆርቆሮ የተከልነውን ቲማቲም አጠጣችው።

ያ ቲማቲም ሲደርስ... ጨው ሳንጨምርበት በላነው።