ለክፉ ቀን የተደበቀ ሲሚንቶ

ከአስኮ አለፍ ብሎ ተመሳሳይ ቤቶች በረድፍ ይሠሩ በነበረበት ሳይት፣ ጽጌማርያም የስቶር ጠባቂ ነበረች። ሥራው ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። አካፋ የፈለገ ወደ እሷ ይመጣል፤ ውሃ ልክ የፈለገም፣ ሚስማር ያለቀበትም ወደ እሷ ይመጣል። መጥቶ እንዴት አደሩ ይላታል፣ የጉልበቷን ሕመም ይጠይቃታል፣ ቀልድ ካለውም ጣል ያደርጋል። እሷ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ እስክትከፍት ደግሞ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ መጠበቁ ደስ ይላት ነበር። ከጎጃም መጥታ ለዓመታት ባሬላ ተሸክማለች፤ ባል አልበረከተላትም፣ ልጅም አልወለደች። በዚህ ከተማ ሰው ቆሞ የሚጠብቃት እዚያች በር ላይ ብቻ ነበር።

በሩን የሰጣት ተቋራጩ ግሩም ነው። አንድ ጊዜ ሲሚንቶ ከገበያ ጠፍቶ የሌላው ሰው ሥራ ሁሉ ሲቆም፣ እሷ ከአሸዋ ክምር ጀርባ ሸሽጋ ያቆየችው ሲሚንቶ አዳነው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር “እትዬ ጽጌ ባትኖር እኔ የለሁም” ይል ነበር። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች።

እንግዲህ ሳምሪ የመጣችው በዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ጫማ ፋብሪካ ስትሠራ ካይዘን የሚሉትን ተምራለች፤ ድካምንና ዕቃን ያለማባከን ዘዴ ነው። ግሩምም፣ ቤት እንደ ጫማ ተራ በተራ ይሠራል ብሎ አመጣት። የመጀመሪያውን ቀን ምንም ሳትሠራ የሠራተኛውን እግር ስታይ ዋለች። ሲመሽም ሰዉ ከመገንባቱ ይልቅ ወደ ስቶር መመላለሱ ይበዛል አለች። ብዙም ሳይቆይ የስቶሩ በር ተነቀለ። መሣሪያው በየቤቱ ደጃፍ በቆመ ሰሌዳ ላይ ተሰቀለ፤ በየቦታው ቅርጹ ስለተሳለ የጎደለው ከሩቅ ይታያል። መሠረት የሚያወጡት ወደ ቀጣዩ ቤት ሲያልፉ ብሎኬት የሚደረድሩት ይተኳቸዋል፣ ከእነሱ ኋላ ለሳኞች ይከተላሉ። ሲሚንቶም ለሚቀጥለው ሥራ የሚበቃው ብቻ እንዲመጣ ተደረገ።

ሥራው ፈጠነ። ጽጌን ያንገበገባትም መፍጠኑ ነው፤ ቢበላሽ ኖሮ ትታገሠው ነበር።

ግንበኛው ደበላ፣ ሳያስቃት የማይውል ሰው፣ አሁን በደጇ አልፎ መሄድ ጀመረ። ረሳኸኝ ብትለው፣ “ምን ልጠይቅሽ ብዬ ልምጣ፣ እትዬ?” አላት። ክፋት አልነበረበትም፤ የባሰባት እሱ ነው። ሳምሪ ደግሞ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። ዱካ ፈልጋ ታመጣላታለች፣ ይቀመጡ ትላታለች፣ ጉልበትዎ እንዴት ዋለ ትላታለች። የሚጠላ ነገር ስታጣባት አረማመዷን ጠላች።

ሳንሱሲ፣ በተከራየችበት ግቢ፣ ለጎረቤቷ ለከበደች በየማታው የምታወራው ስለዚችው ልጅ ሆነ። ግሩም ፊት ጥርሷን ስታሳይ ነው የምትውለው አለቻት።

“ጥርሷ ያምራል?” አለች ከበደች።

“ያምራል፤ ምን ያደርጋል።”

አንድ ቀን ግሩም አየር ጤና አካባቢ ስለሚጀምረው አዲስ ሥራ ሲያወራ ሰማችው። እዚያ ስቶር የሚባል ነገር አያስፈልገንም፣ ሳምሪ ትበቃናለች ይል ነበር። ጽጌ ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም።

ስቶሩ ሲጸዳ ግን ያልተናገረችው ነገር ነበር። ከተረፈው ሲሚንቶ የተወሰነውን ከረጢት ሰው ከሄደ በኋላ በእጅ ጋሪ አውጥታ፣ ከጥበቃው ቤት ጀርባ አሮጌ ቆርቆሮ ሥር አስቀምጣ ሸራ አልብሳዋለች። ሲሚንቶ በዚህ አገር አንድ ቀን መጥፋቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ሰሌዳው አያድናቸውም፣ ወደ እኔው ይመጣሉ ብላ ጠበቀች። ሰው እንዳይነቃባት ወደዚያ ቀርባ አታውቅም፤ ከሩቅ ሸራውን አይታ ትመለሳለች።

ክረምቱ ከገባ በኋላ የጠበቀችው ቀን መጣ። የሲሚንቶው መኪና ቀረ። ሳምሪ በር የሚገጥሙትን በር አስገጠመች፣ የመብራት ቱቦ የሚዘረጉትንም አሰማራች፤ ለሳኞቹ ግን ባልዲያቸውን ገልብጠው ተቀመጡ። ስልክ ስትደውል፣ መልሳ ስትደውል፣ ፊቷ ሲቀላ ጽጌ ዱካዋ ላይ ሆና አየች። ቶሎ አልተነሣችም። ያንን ፊት ትንሽ ልታየው ፈለገች።

ግሩም መጥቶ ሲቆጣ ነው ብድግ ያለችው።

“ሲሚንቶ አለ” አለች። “እኔ ጋ አለ።”

ግሩም ፊቱ በራ። እንደ ድሮው “እትዬ ጽጌ” ብሎ ተከተላት፤ ደበላም ሳምሪም ተከተሉ። ቆርቆሮውን ራሷ አነሣች፣ ሸራውን ራሷ ገፈፈች። ደበላ አንዱን ከረጢት ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ቆመ። ከዚያ በመዶሻው ጫፍ መታ አደረገው፤ እንደ ድንጋይ ጮኸ። ሌላውንም መታው፣ እሱም ያው ነው። ባዶ መሬት ላይ ተቀምጦ የክረምቱን እርጥበት ሲጠጣ ከርሟል። ድሮ ግሩምን ያዳነው ሲሚንቶ የተደበቀው በበጋ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያላት።

“እትዬ፣ ይሄ ለመቃብራችን እንጂ ለልስን አይሆንም” አለ ደበላ። የሳቀለት የለም።

ግሩም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ ነገራት። ቢጮህባት ኖሮ እንዲህ ባልከበዳት።

“ጋሼ ግሩም” አለች ሳምሪ፣ “እሳቸው የደበቁት ለእርስዎ ብለው ነው። የምናመጣው እንደሚበቃ ተቀምጬ ያላስረዳኋቸው እኔ ነኝ። መኪና ቢቀር ምን እንደምናደርግም አላሰብኩም፤ እሳቸው አስበዋል። አሁንም እሳቸው ሳይቱ በር ላይ ሆነው የሚገባውን ዕቃ ይቀበሉልኝ።”

ግሩም ከረጢቶቹን አየ፣ ልጅቷን አየ። እሺ ብሎ ሄደ።

ጽጌ አንገቷን ደፍታ ቆመች። መባረሩን ትችለው ነበር፤ በየማታው የምትረግመው ሰው ታገኝ ነበር። አሁን ግን ሥራውም ከልጅቷ እጅ ተሰጣት፣ እርግማኑም ከአፏ ተወሰደባት። የልጅቷ ደግነት ራሱ አስቀናት። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን እንዲህ እል ነበር ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች፤ መልሱን ስላወቀችው ይበልጥ ተቃጠለች። እምቢ ልትልም አማራት። አላለችም። ሳምሪ ነገ በጊዜ ይምጡ ስትላት “እሺ” አለች።

ማታ ሳንሱሲ ስትደርስ ከበደች ልብስ እያጠበች ነበር። ፊቷን አይታ ምን ሆንሽ አለቻት። ጽጌ የሲሚንቶውን ነገር ሳትደብቅ ነገረቻት።

“ታዲያ እንዴት ሳያባርሩሽ ቀሩ?”

ጽጌ ጫማዋን አወለቀች፤ የተጣበቀባትን ጭቃ በእንጨት ስትፍቅ ቆየች።

“ግሩም ነው” አለች። “የስንት ዘመን ሰው ነሽ፣ ያለ አንቺ አይሆንልኝም አለኝ።”

“ልጅቷስ? ምን አለች?”

“እሷማ ምን ትላለች” አለች ጽጌ። “ዝም ብላ ቆማ ነበር።”