በዳገቱ ላይ ማን ይቅደም

ከቡሬ ወደ መንደራችን የሚያወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሰው በክረምት በሚኒባስ አይሄድም። እኔ ግን የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ቤተሰቦቼን ለማየት ስለቸኮልኩ ተሳፈርኩ። ዳገቱን አጋምሰን ሳለ የኋላ ጎማው በጭቃው ተንሸራቶ ወደ ገደሉ አፍ ተጠጋ።

ሹፌሩ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረግጦ «መኪናው ይቅለልልኝ! ቶሎ ውረዱ!» ብሎ ጮኸ።

በሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። በሩን ከፈትኩና ልወርድ ስል ከጎኔ ያሉትን ሽማግሌ ቄስ አየሁ። ከታላቅ መቅደም ነውር ነው እየተባልኩ ነው ያደግሁት። ስለዚህ እግሬን ሰብስቤ መንገድ ለቀቅሁላቸው።

«አባ፣ ይቅደሙ።»

«ኧረ አንተ ቅደም ልጄ። የእኔ ጉልበት ያዘገያችኋል።»

«በፍጹም አባ!»

ከኋላ አንዲት እናት «አባ ሳይወርዱማ እኛ አንወርድም!» አሉ። ቄሱም ዞረው «እንግዲያስ ሴቶቹ ይቅደሙ» አሉ። መኪናው እንደገና ተንሸራተተ።

«ገደል ገብታችሁ ትከባበራላችሁ!» አለ ሹፌሩ፣ ሊያለቅስ ምንም አልቀረውም።

ያን ጊዜ በእነሱም በራሴም ተናደድኩ። የቄሱን ክንድ ጨብጬ እኩል ወረድን። ሌላውም ተከተለን። ሚኒባሱ ሲቀል ከኋላ ገፍተን ድንጋይ የለበሰው መንገድ ላይ አወጣነው።

ዝናቡ ይወርድብናል። ሹፌሩ «በሉ ግቡ!» አለ።

ሁላችንም በሩ ላይ ቆምን። ቄሱ ፈቀቅ ብለው «በል ልጄ፣ አሁንስ አንተ ቅደም» አሉኝ።

«ኧረ አባ፣ እርስዎ ይቅደሙ!» ያለው የራሴው አፍ ነው።