አንገትጌዋ ላይ የተሰካው መርፌ

በምሳ ሰዓት ብቻ የምትመጣው ሴት ዛሬም የሙያ ትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ፊት ቆመች። የሥራ ሽርጧን አጣጥፋ በፌስታል ደብቃዋለች፤ አንገትጌዋ ላይ የሰካችውን መርፌ ግን ከነጥቁር ክሩ ዛሬም ረስታዋለች።

«ለስፌት መምህርነት ያመለከትኩት ከምን ደረሰ፣ ልጄ?»

ጸሐፊዋ ማኅደሮቹን ስታገላብጥ ሴትየዋ ዝም ማለት አልቻለችም። «መርፌ አያያዝ ያስተማርኳት ልጅ እኮ ስፌት ቤቱ ውስጥ አለቃዬ ሆነች! ‹እርስዎ› ስትለኝ የነበረች፣ አሁን ‹አንቺ፣ ቶሎ በይ› ነው። እኔ የሰፋሁትን ቀሚስ ‹የእጄ ሥራ ነው› ብላ ለደንበኛ ስታሳይ አንጀቴ እርር ይላል።»

«እሰይ፣ ለፈተና ተጠርተዋል! ሰኞ ጠዋት ይምጡ» አለች ጸሐፊዋ።

ሴትየዋ አልሳቀችም። ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እሷስ አመልክታለች?»

«ማን?»

«አለቃዬ።»

«ኧረ ከእርስዎ ስፌት ቤት ሌላ ማንም አላመለከተም!» ጸሐፊዋ ሳቋ አመለጣት።

ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅር በለኝ አምላኬ! በሬን ከፍተህልኝ እንኳ ዓይኔ የሰው በር ላይ ነው።»

ልትወጣ ስትል እጇ አንገትጌዋን ዳበሰና መርፌውን አገኘው። ልትነቅለው ጀምራ ተወችው።

«ይቆይ» አለች፤ «ከሰዓት የእሷን ‹የእጅ ሥራ› መጨረስ አለብኝ።»