ሐሙስ የጎደለባት ሣጥን

ጎረቤቴ ኤቫልድ ቲልማን አንድ ግድግዳ ሙሉ የድሮ ምላጭ አለው፤ እጀታው ውስጥ የሚታጠፈውን፣ የጥንቱን ዓይነት። ጢሙ ደግሞ እምብርቱ ጋ ሊደርስ ትንሽ ነበር የቀረው። እዚህ ዞሊንገን ውስጥ፣ በቢላና በምላጭ በታወቀችው የጀርመን ከተማ፣ በዚህ ነገር የምስቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሌላው ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘው ኮፍያውን ከፍ አድርጎ «ኤቫልድ፣ ሐሙስ ተገኘች?» ይለው ነበር፤ የታመመ ዘመድ የሚጠይቅ ነው የሚመስለው። ኤቫልድም አንገቱን ደፍቶ «ገና ናት» ብሎ ያልፍ ነበር።

እኔ የምኖረው ከሱና ከሚስቱ በታች ባለው ፎቅ ነው። ሥራዬ ከላይ ሽቦ ይዞ የሚሄደውን የከተማውን አውቶቡስ መንዳት ነው። ቤቱ ውስጥ የገባሁ ሰሞን የኤቫልድ ሚስት ሮስቪታ በሬን አንኳኳችና አንዲት የድንች መላጫ ቢላ ሰጠችኝ። አመስግኜ በሩን ልዘጋ ስል እጇን ዘርግታ ቆማለች። ግራ ገባኝ።

«ሳንቲም» አለችኝ።

«ስጦታ መስሎኝ?»

«ስጦታማ ነው። ሳንቲም አምጣ።»

ኤቫልድ ከኋላዋ ብቅ አለ። «ወዳጄ፣ ስለት ያለው ነገር በነፃ አይወሰድም፤ ፍቅር ይቆርጣል። ካልከፈልክ ትጣላላችሁ፤ ቢላውም የሷ እንደሆነ ይቀራል። ይሄን የማያውቅ ሰው ነው ከተማችን የገባው?» ብሎ ገሠጸኝ። ኪሴን ፈትሼ አንዲት ሳንቲም ሰጠኋት፤ እስከ ዛሬ ሳንጣላ አለን።

ያኔ ኤቫልድ አገጭ ነበረው። የከተማው ውሃ ክፍል ጸሐፊ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የሚላጨውም እንደ ንብ በሚያጉረመርም የኤሌክትሪክ መላጫ ነው። ምላጮቹ ለመላጨት አይደሉም፤ ለመሰብሰብ ናቸው። ይህን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አንድ ቅዳሜ የአንድ ሟች ሽማግሌ ቤት ዕቃ ሲሸጥ ሣጥኗን አገኛት። የሳምንት ሣጥን ናት፤ ውስጧ በቀይ ከፈይ የተለበጠ፣ ለሰባት ምላጭ ሰባት ማስተኛ ያላት። ምላጮቹ ጥቁር የቀንድ እጀታ አላቸው፤ በስለቱ ጀርባ ላይ የየቀኑ ስም በወርቅ ተጽፏል። ሰኞ በሰኞ ይላጩባታል፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው ሰኞ ታርፋለች። የድሮ ሰው ብልጥ ነበር። ስድስቱ ቀኖች እንደተሠሩ፣ ጢም ሳይነካቸው፣ ቦታቸው ላይ ተኝተዋል። የሐሙስ ቦታ ግን ባዶ ነው።

ኤቫልድ በዚያው ሳምንት አባል በሆነበት የምላጭ ሰብሳቢዎች ማኅበር ፊት ቆሞ ማለ። «ሐሙስ እስክትገኝ ድረስ ስለት ፊቴን አይነካም!» ጭብጨባው ቀለጠ። የኤሌክትሪክ መላጫውን ለአማቹ ሰጠ፤ ጢሙ ማደግ ጀመረ።

ማኅበሩን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ቢራ ቤት ጓዳ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ነጭ ጓንት አጥልቀው ምላጭ ይቀባበላሉ። ሊቀመንበሩ ዶክተር ኦትፍሪድ ብሩኒንግ ጡረታ የወጡ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ አጉሊ መነጽር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ። ከአባላቱ ግማሾቹ ጢማም ናቸው፤ ሌሎቹ አንዴ ተላጭተው በሚጥሉት የላስቲክ ምላጭ ነው የሚላጩት። እዚያ ትልቁ ማዕረግ «ያልተነካ» የሚባለው ነው፤ መቶ ዓመት ሙሉ አንድም ጢም ሳይቆርጥ የኖረ ምላጭ ማለት ነው። እኔ ሞኙ «ከነዚህ ውስጥ አሪፍ አድርጎ የሚላጨው የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ዶክተሩ ምላጩን ከእጄ በጨዋነት ተቀብለው መለሱት፤ ሁለተኛም አልጠሩኝም።

ሮስቪታ በዚህ ሁሉ አንጀቷ ያርር ነበር። ምላጭ የሚስል ሰው ልጅ ናት፤ አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ቩፐር ወንዝ ዳር ጎንበስ ብሎ ስለት ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር የምትለው አንድ ነው።

«አባቴ ምላጭ የሳለው እንዲቆርጥ ነው፤ ከፈይ ላይ እንዲተኛ አይደለም። እኔ ያገባሁት አገጭ ያለው ሰው ነበር። እዚህ ጋ» ትልና የራሷን አገጭ በጣቷ ትነካለች፣ «ትንሽ ጠባሳ ነበረችው፤ ልጅ ሆኖ ከአጥር ወድቆ። አሁን መጥረጊያ ነው የምስመው። ሳልሞት ፊቱን ባይ ምን አለበት?»

«ለምን ተኝቶ ሳለ በመቀስ አትጨርሺለትም?» አልኳት አንዴ።

«ማለ እኮ። የማለ ሰው በመቀስ አይደለም የሚፈታው። ሐሙስ መገኘት አለባት።»

ቀልዷን መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን አውቶቡሴ ላይ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ኤቫልድ ቅዳሜ ቅዳሜ ምላጮቹን ዘይት ሲቀባ ይውላል። ሮስቪታ ደግሞ «እህቴ ጋ ሬምሻይድ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወደ ጎረቤቷ ከተማ የምትሄድ መስላ ትወጣለች። የምትወርደው ግን አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ጋ ነው። ዝናብም ይሁን በረዶ፣ ዣንጥላዋን ይዛ በተሰባበረ ሳህንና በዛገ ሹካ መሐል ጎንበስ ቀና ትላለች። ምንም አላልኳትም። እህቷ ሬምሻይድን ለቃ ወደ ብሬመን ከሄደች ስንት ዓመቷ! ሕንፃው ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ኤቫልድ ብቻ ነበር። ለነገሩ ጠይቆም አያውቅም።

አርባኛው የጋብቻ በዓላቸው ሐሙስ ላይ ዋለ። ሮስቪታ ዋፍል ጋግራ፣ ቼሪውን አሙቃ፣ እኔንና ዶክተር ብሩኒንግን ጠራችን። ዶክተሩን መጥራቷ ገርሞኝ ነበር፤ በበጎ ዓይን አይታቸው አታውቅም። ኤቫልድ የሠርጉን ሱፍ ለብሶ ጢሙን አበጥሮ ተቀምጧል። ሱፉ ጠቦታል፤ ጢሙ ቁልፎቹን ስለሸፈነለት ግን ማንም አላየበትም።

ዋፍሉ ሲያልቅ ሮስቪታ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ፊቱ አስቀመጠች። ፈታው።

ጥቁር የቀንድ እጀታ። በስለቱ ጀርባ የወርቅ ጽሑፍ። ሐሙስ።

ኤቫልድ ክው አለ። ዶክተሩ ወንበራቸውን ገፍተው ተነሡና አጉሊ መነጽራቸውን ደቀኑ። ከሰኞ ጋር አስተያዩዋት፣ ከዓርብ ጋር አስተያዩዋት።

«ያልተነካች ናት» አሉ በሹክሹክታ። «ኤቫልድ፣ እህቷ ናት። ሙሉ ሳምንት፣ ሰባቱም ያልተነኩ! በሕይወቴ አላየሁም።»

ኤቫልድ አለቀሰ። እንባው ጢሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሐሙስን በሁለት እጁ ይዞ ቦታዋ ላይ አስተኛት፤ ከፈዩ ልክክ አድርጎ ተቀበላት። ሮስቪታን ግንባሯን ሳማት፤ እኔን ሳመኝ፤ ዶክተሩንም ሳመ። ቀና ሲል ሮስቪታ ከማድ ቤት እንፋሎት የሚወጣው ሙቅ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን፣ ሳሙና፣ ብሩሽና ፎጣ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ደርድራለች።

«በል፣ ተቀመጥ» አለችው።

«ምን ልሆን?»

«ልትላጭ ነዋ። ሐሙስ ተገኘች።»

ዶክተር ብሩኒንግ ሣጥኗን በክንዳቸው ከለሉ። «ወይዘሮ ሮስቪታ! ምን ነካዎት? መቶ ዓመት ያልተነካ ስለት እኮ ነው! አንድ ጢም፣ አንድ ጠብታ ውሃ ከነካው አለቀለት። ስብስቡ በሙሉ ተራ ዕቃ ይሆናል!»

«እኔ ባሌን ነው ያነጋገርኩት፣ ዶክተር።»

ኤቫልድ ጉሮሮውን ጠራረገ። ውስጡ ያለው የውሃ ክፍል ጸሐፊ ነፍስ ዘራ። «ሮስቪታዬ፣ እስቲ በእርጋታ እንየው። እኔ ያልኩት ሐሙስ እስክትገኝ ስለት ፊቴን አይነካም ነው። ስትገኝ ይነካኛል አላልኩም። ዶክተርም ምስክሬ ናቸው።»

«በትክክል!» አሉ ዶክተሩ።

ሁለቱንም አንቄ ለመጣል እጄን በላኝ፤ እውነቴን ነው። ሮስቪታ ግን አልጮኸችም። ሳህኖቹን አንድ በአንድ አነባበረች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ ያኔ እኔ በር ላይ እንደዘረጋችው።

«ሳንቲሙስ?»

ኤቫልድ ኪሱ ገባ። የቀኙን ፈለገ፣ የግራውን ፈለገ፣ የደረቱን ፈለገ። የሠርግ ሱፍ ኪስ ውስጥ ምን ይገኛል? የናፍታሊን ፍርፋሪ ብቻ ወጣ። ዶክተሩ ቶሎ ብለው ቦርሳቸውን ሲያወጡ ሮስቪታ ዓይኗን አፈጠጠችባቸው።

«ከሌላ ሰው ኪስ አይሆንም። ያውቁታል።»

ያውቁታል፤ ቦርሳውን መለሱት።

«ኮቴ በር ላይ ተሰቅሏል፣ አሁን አመጣለሁ» አለ ኤቫልድ ከወንበሩ እየተነሣ። ሮስቪታ ግን ቀድማ ሐሙስን ከከፈዩ ላይ አነሣቻት።

«አሁን ረፍዷል። ያልተከፈለበት ስለት የማን ነው፣ ኤቫልድ?»

ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እንዳድነው መሰለኝ። «ካልከፈልክ የሷ እንደሆነ ይቀራል» አልኩት። «አንተ ነህ የነገርከኝ።»

«ሳንቲም አልቀበልም፤ ዋጋዋ ተቀይሯል» አለች ሮስቪታ። «ሐሙስን ከፈለግክ ጢምህን ትሰጠኛለህ፣ በራሷ በሐሙስ ተላጭተህ። ካልሆነ ስድስቱን ታቅፈህ ተቀመጥ። እኔ እሷን ይዤ እህቴ ጋ ብሬመን እሄዳለሁ።»

«ብሬመን? እህትሽ ሬምሻይድ አይደለችም እንዴ?»

«ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ።»

«ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትሄጂው?»

«ይቺን ፍለጋ» አለች፣ ምላጩን ከፍ አድርጋ። «የማንንም ቁራሌ ስጎረጉር፣ እጄ በብርድ እስኪደርቅ። ምላጭ ወድጄ መሰለህ? ፊትህን ፍለጋ ነው የወጣሁት።»

ኤቫልድ ሣጥኗን አየ፤ ባዶዋን ቦታ አየ፤ ሚስቱን አየ። ሚስቱን ሲያይ ግን ቆየ። ጣቶቿን ነው ያየው፤ ቀልተው የተሰነጣጠቁትን። ዶክተሩ «ኤቫልድ፣ ወዳጄ፣ ስለ ታሪክ ስትል...» ሲሉ አልሰማቸውም። ወንበሩን ከጠረጴዛው ራቅ አድርጎ ተቀመጠና የሸሚዙን ኮሌታ ፈታ።

ሮስቪታ መጀመሪያ በመቀስ ከረከመችው። ከዚያ የአባቷን መሳያ ድንጋይ አውጥታ ሐሙስን መሳል ጀመረች። ድምፁ ሲሰማ ዶክተር ብሩኒንግ ሁለት ጆሮዎቻቸውን ያዙ፤ አርባ ዓመት የሰው ጥርስ ሲሰረስሩ የኖሩት ሰው! «ይሄን ቆሜ ማየት አልችልም» ብለው ኮፍያቸውን አንሥተው ወጡ። የተረፈችውን ዋፍል ግን ሳይረሱ ይዘው ነው የሄዱት።

ስለቱን በአባቷ የቆዳ ጠፍር ላይ አመላልሳ ጨረሰች። አባቷን እስኪሞት ድረስ የላጨችው እሷ ነበረች፤ እጇ አልተጠራጠረም። አረፋውን ቀባችው፣ ጉንጩን ወጠር አደረገች፣ ከጆሮው ሥር ጀመረች። ሐሙስ መቶ ዓመት የተኛች አትመስልም፤ ከርከር ከርከር እያለች ወረደች። ኤቫልድ ዓይኑን ጨፍኗል። እኔ ፎጣ ያዥ ነበርኩ፤ ፎጣው ግን እጄ ላይ መኖሩንም ረስቼዋለሁ።

ከጢሙ ሥር የወጣው ሰው አርጅቷል። ጉንጩ ገርጥቷል፣ አንገቱ ላልቷል፤ ፀሐይ ሳያይ ነው የኖረው። ሮስቪታ በፎጣው ጠራርጋው አገጩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ጠባሳዋ አለች። በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት።

«እዚያው ነህ» አለችው። «ናፍቀኸኝ ነበር እኮ፣ አንተ ደረቅ።»

ኤቫልድ እጇን ይዞ ፊቱ ላይ አቆየው። እኔም ሳህኖቹን ወደ ማድ ቤት ይዤ ገባሁ፤ እዚያ ብዙ ሥራ ያለ አስመስዬ ቆየሁ።

በማግስቱ ጠዋት አውቶቡሴን ይዤ ፌርማታችን ጋ ስደርስ አንድ ሰው ተሳፈረ። መጀመሪያ አላወቅኩትም። አገጩ ላይ ደም የጠጣች ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋለች። ፈገግ ሲል ነው ኤቫልድ መሆኑ የገባኝ።

«ሐሙስ ትላንት ቆርጣህ ነበር እንዴ? ሳላይ ቀረሁ» አልኩት።

«ኧረ የሮስቪታ እጅ መች ይቆርጣል!» አለና ወረቀቷን በጣቱ ነካ አደረጋት። «እኔው ራሴ ነኝ። ይቺ የዓርብ ናት።»