ስሙ ግስ የሆነበት ሰው

አማቼ ባዚል ቪራ ክፉ ሰው አይደለም። ይህን የምለው እህቴን ስላገባ ብቻ አይደለም። ሰው ሲታመም ቀድሞ የሚጠይቅ፣ ለቅሶ ቤት ከሁሉ በኋላ የሚነሳ፣ ልጅ የሚወድ ሰው ነው። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ዕቃ ሲያውስ ልቡም ከዕቃው ጋር አብሮ ይሄዳል።

በደሴታችን በፔንተኮስት አሳማ ማበደር ከአባቶች የመጣ ነው። ጥርሱ ጣት የሚያህል አሳማ ለድግስ የተበደረ ሰው፣ ዓመት ቆይቶ ሲከፍል ጥርሱ ረዘም ያለ አሳማ ይመልሳል። አሳማው እጌታው ደጅ ቢውል ኖሮ ጥርሱ ያድግ ነበርና። ይህ ወለድ ነው፤ ማንም ቅር አይለውም። ባዚል ግን ይህን ሕግ ጥርስ ወደሌለው ነገር ሁሉ አዞረው።

የመጀመሪያው ሰለባ እኔ ነበርኩ። የቤቴን ክዳን ልጠግን መሰላሉን ተውሼ፣ ሥራው ሲያልቅ ተሸክሜ መለስኩለት። ቁልቁል ሽቅብ አየው።

“ሁለት እርከን ጨምርበት” አለኝ።

“ምን?”

“እኔ ዘንድ ቢሆን ያድግ ነበራ!”

“ባዚል፣ መሰላል እኮ ነው! እንጨት ነው!”

“እንጨት አያድግም? ዛፍ አይተህ አታውቅም?”

የእሱ ችግር ይሄ ነው፤ ሰው መልሱን የሚያገኘው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ሁለት እርከን ጨመርኩ። ከእኔ ቀጥሎ የተዋሰውም ጨመረ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። በመንደሩ ሌላ መሰላል ስላልነበረ መሰላሉ እንደ ሐረግ ረዘመ። ካንድ ሰው ትከሻ አልፎ አራት ሰው የሚሸከመው ሆነ። መንገድ ላይ መታጠፍ ስላቃተው የሰው አጥር ይፈርስ ጀመር። የዳቦ ፍሬ ሊያወርድ የወጣ ሰው ዛፉን አልፎ ወጥቶ፣ ፍሬውን ከእግሩ በታች እያየ “አሁን በምን ልድረስበት?” ብሎ ሲጮህ ሰምተናል።

ነገሩን ያፈነዳችው ግን እትዬ ኤዝሚ ናት። ምላሷ ከቢላዋ የሰላ ሴት ናት። ለቀብር ብላ የባዚልን ጃንጥላ ተዋሰች፤ ዝናብ ስላልጣለ ሳትዘረጋው መለሰችው።

“ሰፋ ያለ ጃንጥላ ነው የምትመልሺልኝ” አላት።

“ጃንጥላ ደግሞ ምኑ ያድጋል?”

“ጥላው ነዋ! ከሰዓት በኋላ ጥላ አይረዝምም እንዴ?”

እትዬ ኤዝሚ ጃንጥላውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ወደ መንደሩ አለቃ ወደ ሞልባኒ ሄዳ ከሰሰች።

ከመሰብሰቢያው ቤት ደጅ፣ ከዋርካው ሥር ተቀመጥን። አለቃችን ትክክለኛ ሰው ናቸው፤ ትክክለኛነታቸው ግን አንዳንዴ ያደክማል።

“ጥፋቱ ምን ይባላል?” አሉ። “ስም የሌለው ጥፋት አልቀጣም። አባቴም አልቀጣም።”

“ሌብነት በሉት” አለ አንዱ።

“ምኑን ሰረቀ? ራሳችሁ ሄዳችሁ አይደል የለመናችሁት?”

“እንግዲያስ ወለድ በሉት” አልኩ እኔ።

“ወለድማ ሕግ ነው። እኔም በልቼዋለሁ።”

ቄሳችን አባ ኮሊን ባሕር ማዶ የተማሩ ናቸውና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “በሌላ አገር ለዚህ ቃል አላቸው። አራጣ ይሉታል። ከልክ ያለፈ ወለድ ማለት ነው።”

“ልኩ የት ላይ ነው?” አሉ አለቃው።

“እሱን ቃሉ አይናገርም።”

“ታዲያ ምን ይረባል!”

በየተራ ቃል ይዋጣ ተባለ። አንዱ “መዥገር እንበለው” ሲል፣ ሌላው “መዥገርስ ሲጠግብ ይወድቃል” ብሎ ጣለው። ይህን ጊዜ ማን እጁን ቢያወጣ ጥሩ ነው? ባዚል ራሱ! ነገሩ ጥሞት ከመቀመጫው ተስቦ መጥቷል።

“እኔ ‘ዋርካ’ ብትሉት ይሻላል ባይ ነኝ” አለ። “ዋርካ በሰው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይበቅልና ቀስ ብሎ ዛፉን አንቆ ይገድለዋል።”

ሁላችንም ቀና ብለን ያለንበትን ጥላ አየን።

“አመነ! በገዛ አፉ አመነ!” ጮኹ ሰዎቹ።

“ምኑን አመንኩ? ቃል ስለጠፋችሁ እየረዳኋችሁ ነው!”

እትዬ ኤዝሚ ትዕግሥቷ አለቀ። ብድግ ብላ ጃንጥላውን መሬት ላይ ቸከለችው። “እኔ ቃል ምናምን አላውቅም! ይሄ ሰውዬ ባዘለኝ! ባዘለኝ ነው የምላችሁ! አማቹንም ባዝሎታል! መንደሩ በሙሉ ተባዝሏል!”

አለቃው ቃሉን እንደ ጎደሬ አላመጡት። “ባዘለኝ… ባዘለኝ… ገባኝ። ምንም አይጎድለውም።” ወደ ባዚል ዞሩ። “ባዚል ቪራ፣ በመባዘል ጥፋተኛ ነህ። አንድ አሳማ ትከፍላለህ። መሰላሉም ይቆረጣል።”

ባዚል ስለ አሳማው አላዘነም፤ ስለ መሰላሉም ብዙ አላለም። የከነከነው ሌላ ነው። “ስሜን እኮ ነው የወሰዳችሁት! ለዘለዓለም? እንዲሁ በባዶ? ቃሉን የተናገረ ሁሉ በያንዳንዱ ጊዜ አንድ የቦዬ ሥር ያምጣልኝ!”

“አሁን የጠየቅከው ራሱ መባዘል ነው” አሉ አለቃው። “ሁለተኛ አሳማ ጨምር።”

ቃሉን ከዚያ ቀን በኋላ ማን ይያዘው? እናቶች የጎደሬ ቂጣችንን ላፕላፕን ጨምሩልኝ የሚል ልጅ ሲያስቸግራቸው “አትባዝለኝ፣ ሂድ!” ይላሉ። ዝናብ ሲበዛ “ሰማዩ ባዘለን” ይባላል። አባ ኮሊን እንኳ አንድ እሑድ ስብከታቸው ሲረዝም ሰዓታቸውን አይተው “ዛሬስ ባዘልኳችሁ መሰለኝ” አሉ። ባዚል መጀመሪያ ተናደደ፤ ቀጥሎ ለመደው። እኔ እንኳ ትንሽ ሳይኮራበት አልቀረም እላለሁ። ገበያ ላይ የማያውቀው ሰው ቃሉን ሲናገር በሰማ ቁጥር ጎኔን በክርኑ ይጎስመኝ ነበር።

ዓመታት አለፉና ልጁን ሩዝሊንን ከተራራው ማዶ ለሚኖሩ ሰዎች ልንድር ተቀመጥን። የሙሽራው አጎት ቡሌኮን የሚባሉ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ጥሎሽ ስለሚሆኑት አሳማዎችና ቀይ ምንጣፎች ወግ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

“እንግዲህ ወንድሞቼ፣ አደራችሁን አትባዝሉን።”

እህቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ከንፈሬን ነከስኩ። ባዚል ግን እንደ ሕፃን ልጅ ዓይኑን ገልጦ “ምን ማለት ነው እሱ?” አለ።

“አያውቁትም?” አሉ ሽማግሌው፣ ደስ ብሏቸው። “ጥንታዊ ቃል ነው፤ አያቶቻችን ያቆዩት። ድሮ አንድ ስግብግብ ጋኔን ነበር ይባላል። ጨረቃን አውርዶ ለሰው ሊያበድር ብሎ ረጅም መሰላል ሠራ።”

“ጋኔኑ… መልኩ እንዴት ነበር?”

“መላጣ ነው ይላሉ። እግረ ጠማማ።”

ባዚል መላጣውን በመዳፉ ሸፈነ፤ እግሩንም ወደ ምንጣፉ ሥር ሰበሰበ።

“ለመሆኑ ስምዎን ማን ልበል?”

“ዊልፍሬድ” አለ አማቼ።

ሳል አነቀኝ፤ ወጥቼ ደጅ ሳልኩ። ስመለስ ባዚል አሳማ እየቀነሰ ነው። ሽማግሌው “ይሄንን ያህል እናምጣ” ሲሉ “ኧረ በዛ፣ ትንሽ ቀንሱ” ይላል። እህቴ በጣቷ ጀርባውን ትቆነጥጠዋለች፤ በቆነጠጠችው ቁጥር ጭራሽ ይቀንሳል።

ሠርጉ ደረሰ። አባ ኮሊን ቤተ ክርስቲያኑ በሕዝብ እንደተሞላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው “ሩዝሊን፣ የባዚል ቪራ ልጅ!” ብለው ጠሩ። ቡሌኮን መጀመሪያ መላጣውን አዩ፤ ቀጥሎ እግሩን። ፊታቸው አመድ ሆነ። ጸሎቱ እንዳለቀ በሰው መሐል እየተጋፉ መጥተው እጁን ያዙ።

“ይቅር በሉኝ! አላወቅኩም፣ በአባቴ አጥንት! አንድ አሳማ ልጨምር፤ ሁለት ልጨምር!”

ባዚል አፍሮ እንደነበር አውቃለሁ፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር። እኔም ሁለት አሳማ ሲባል ልቡ እንዳይሄድ ፈርቼ ክንዱን ያዝኩት።

“ጋኔኑ መጨረሻው ምን ሆነ?” አላቸው።

“አ… አልሰማሁም።”

“ልጁን ዳረ በሏቸው።”

ቡሌኮን ሳቃቸው መጣ፤ ሳቁ ደግሞ ሆዳቸውን አስያዛቸው። ከዚያ ሁለቱ ተቃቅፈው ወደ ካቫው ሄዱ። ያን መራራ የሥር መጠጥ እግራቸው እስኪከዳቸው ጠጡ፤ እህቴና እኔም አንድ አንዳቸውን ደግፈን ወደ ቤት አስገባን።